ብርዱ ለሁሉም እኩል ነበር፦ ከሱሉልታ የአይጦች ክፍል የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ክፍሉን ትናንት ተረከብኩ። ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ተይዞ፣ እንጦጦ ታልፎ፣ ሱሉልታ ሲገባ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ግቢ ነው። ከጀርባው ባሕር ዛፍ፣ ከፊቱ ሜዳ። ክፍሉ ሦስት በአራት ሜትር ቢሆን ነው። ሁለት መደርደሪያ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያና አንድ የአየር ማስወጫ አለው። በቃ።

መጀመሪያ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር ነው። ማሞቂያው ሳይከፈት አደረ። ጠዋት ስመጣ ሌሊት የወረደበት ዝቅተኛ ቁጥር 11 ዲግሪ ይላል። የላብራቶሪ አይጥ የሚያዘው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ውስጥ ነው። ምርጫው ለራሱ ቢተው ደግሞ 30 አካባቢ ይወዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የብርዱ ነገር መላ ያስፈልገዋል።

ብርድ ለእኔ ሌላም ትርጉም አለው። እማዬ ጣቶቿን መታመም ከጀመረች ስድስት ዓመት አልፏታል። ጠዋት ስትነሳ እጇ አይታጠፍም። ቁልፍ ለመቆለፍ ቡናው ፈልቶ አቦል እስኪወርድ ትጠብቃለች። ጀበናውን በሁለት እጇ ነው የምታነሳው። ጎረቤቱም ዘመዱም የሚላት አንድ ነገር ነው። «ብርድ ነው። ሱሉልታ እኮ ነው።» ወጌሻ አሽቷታል። ፌጦ ተቀብታለች። ፀበልም ተጠምቃለች። የሄደችበት ሐኪም ቤት ለዓመታት የሰጣት ማስታገሻ ብቻ ነበር። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚለውን ስም የሰማነው አምና ነው።

እኔ ደግሞ ለማስተርስ ሥራዬ የመረጥኩት ይኸንኑ በሽታ ነው። መገጣጠሚያን የሚያሳብጠው ከውጭ የገባ ነገር ነው ወይስ የገዛ መከላከያችን? ሳይንሱ ለዚህ መልስ ካገኘ ቆይቷል። እኔ ግን እዚሁ፣ በዚህ ብርድ፣ በእጄ ሠርቼ ማየት እፈልጋለሁ። አንዴ እዚህ ከሠራ ወደፊት መድኃኒትም፣ የአገራችን ዕፅዋትም ሊሞከርበት ይችላል።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ቀኑ በሰጋቱራ አለቀ። ለአይጦቹ መኝታ የሚሆን ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት አመጣን። ግማሹን መለስኩት። ቀለምና ሙጫ የነካው እንጨት ስለነበረበት ለሳንባቸው አይሆንም። ንጹሑን ለይተን ነፋነው፤ ከዚያ ወደ አውቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት ጀርም ወደሚገድለው ድስት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። መማሪያ መጽሐፍ ሁሉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ» ይላል። ፒኤስአይ የግፊት መለኪያ ነው። ያ ግን የባሕር ጠረፍ ሒሳብ ነው። እኛ ያለነው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ቀላል ስለሆነ ቆጣሪው 15 ሲል በውስጡ ያለው እንፋሎት ገና 121 አልደረሰም። እዚህ ወደ 19 መጠጋት አለበት። የሙቀት ቀለም ቴፕ ሳጥኑ መሃል ቀብሬ ሞከርኩ። በ15 ቴፑ ሐመር ሆኖ ወጣ፤ በ19 ግን ጠቆረ። ሽሮ እዚህ ለመብሰል ለምን ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

አይጦቹ ገቡ። 24 ወንዶች፣ ዕድሜያቸው 8 ሳምንት ገደማ። ወላጆቻቸው ከውጭ የመጡ ናቸው፤ እነሱ ግን የዚሁ አገር ልጆች ናቸው። ዘራቸው ዲቢኤ/1 ይባላል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ናቸው። ዲቢኤ የሚባለው ቤተሰብ በላብራቶሪ አይጦች ታሪክ ከሁሉ የቆየው ነው። ክላረንስ ኩክ ሊትል የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1909 ወንድምና እህት እያዳቀለ ማራባት የጀመረው እነሱን ነው።

ለምን እነዚህ? ማንኛውም አይጥ ለዚህ በሽታ እሺ አይልም። በሕዋስ ላይ ቁራጭ ፕሮቲን ይዘው ለመከላከያ ሠራዊቱ የሚያሳዩ ሞለኪውሎች አሉ። በአይጥ ኤች-2 ይባላሉ፤ በሰው ኤችኤልኤ። ዲቢኤ/1 ያለው ኤች-2ኪው የተባለውን ዓይነት ነው። ያ ዓይነት ኮላጅን የተባለውን የመገጣጠሚያ ፕሮቲን ቁራጭ አጥብቆ ይይዛል። ሰው ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። አንዳንድ የኤችኤልኤ-ዲአርቢ1 ዓይነቶች ያሉት ሰው ለሩማቶይድ አርትራይተስ ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

አንድ ልዩነት እዚሁ ልጻፍ። በሰው ይህ በሽታ ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። በዚህ የአይጥ ዘር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በወንዶቹ ነው። አይጥ ሰው አይደለም። ይህን በየገጹ ለራሴ ማስታወስ ይኖርብኛል።

በሦስት ከፈልኳቸው። 12ቱ ኮላጅን ከነማንቂያው፣ መከላከያን ከሚቀሰቅስ ዘይት ጋር፣ ይወጋሉ። 6ቱ ማንቂያውን ብቻ። 6ቱ የጨው ውኃ። ሁሉም በአንድ ክፍል፣ በአንድ መደርደሪያ፣ አንድ ዓይነት መኖ እየበሉ ይኖራሉ። ወንዶች ስለሆኑ ይጣላሉ። አብረው ያደጉትን አልለያየኋቸውም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ኮላጅኑን ሟሟሁት። የበሬ ልም አጥንት ውስጥ የሚገኘው ሁለተኛው ዓይነት ኮላጅን ነው። የእኛም የአይጥም መገጣጠሚያ የተለበሰው በዚሁ ዓይነት ነው። ነጭ ጥጥ ይመስላል። በቀጭን አሴቲክ አሲድ ውስጥ፣ በፍሪጅ ሙቀት፣ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሟሟል። በ1 ሚሊ ሊትር 4 ሚሊ ግራም። ከሞቀ ጠምዛዛ ቅርጹ ይፈታል። ከተፈታ በኋላ ሥራ የለውም።

ማታ 3 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ፍሪጁን አያነሳም። ጠርሙሱን በበረዶ ከብቤ፣ ቴርሞሜትር አስገብቼ፣ እዚያው ጋቢ ደርቤ አደርኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ 5 ዲግሪ ነበር። ጠዋት 6። ለአንድ ቀን የሱሉልታ ብርድ ጠቀመኝ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ (ቀን 0)

ማንቂያው የፍሮይንድ ሙሉ አጁቫንት ይባላል። ጁልስ ፍሮይንድ የሠራው ነው። ዘይት ነው፤ ውስጡ በሙቀት የተገደለ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ አለ። ባክቴሪያው ሞቷል። የሰውነት መከላከያ ግን ሲያየው «ጠላት ገባ» ብሎ ይነሳል። ያን ጊዜ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ በጥርጣሬ ይመረምራል። ኮላጅኑን አጠገቡ ያስቀመጥነው ለዚህ ነው።

ሁለቱን እኩል ለእኩል መቀላቀል የቀኑ ከባድ ሥራ ነው። ሁለት የመስታወት ስሪንጅ በአንድ ቧንቧ አገናኝቼ፣ በበረዶ ላይ አድርጌ፣ ወዲያና ወዲህ ገፋሁ። ክንዴ ዛለ። መጀመሪያ ወተት ይመስላል። ከዚያ ይወፍርና ስሪንጁ አልገፋ ይላል። መድረሱ የሚታወቀው በውኃ ነው። አንድ ጠብታ ውኃ ላይ ይጣላል። እንዳለ ድቡልቡል ብሎ ከቆየ ደርሷል፤ ከተበተነ አልደረሰም። የመጀመሪያው ተበተነ። እንደገና 20 ደቂቃ። ሁለተኛውም ዳር ዳሩን ላላ። በሦስተኛው እንደ ቅቤ እንክብል ቁጭ አለ።

በየአይጡ የጭራ ሥር፣ ቆዳ ውስጥ፣ 50 ማይክሮ ሊትር። ያ 100 ማይክሮ ግራም ኮላጅን ማለት ነው። አንስቴዥያ ተሰጥቷቸው ነው የተወጉት። መርፌው ጠልቆ ከቆዳው ሥር ከገባ ውጤቱ ይደክማል፤ ስለዚህ አልቸኮልኩም።

ለሚሞክረው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ። መነጽር አድርጉ። ስሪንጁ ግፊት ስላለው ሊፈናጠር ይችላል። ይህ ነገር ጣት ቢወጋ ለወራት የማይድን ቁስል ያመጣል። በእኛ አገር ብዙ ሰው ከነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር ስለተዋወቀ ሰውነቱ የባሰ ይቆጣል።

የግቢው ጠባቂ ጋሼ በመስኮት ሲያዩኝ ቆይተው ስወጣ ጠየቁኝ። «የበሬ አጥንት ወግተሻቸው የራሳቸው እግር ለምን ያብጣል?» አሉ። የበሬውና የአይጡ ኮላጅን በጣም እንደሚመሳሰል ነገርኳቸው። የበሬውን ጠላት ብሎ የመዘገበ መከላከያ የራሱንም መገጣጠሚያ ሲያይ «ያው ነው» ይላል። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ዘበኛው ባለቤቱን እንደ ሌባ ያዘው በይኝ» አሉ። ከእሳቸው የተሻለ መግለጫ መጽሐፍ ውስጥም አላገኘሁም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ (ቀን 9)

ኅዳር ሚካኤል። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከጨረሳት ወዲህ ሰው በዚህ ቀን ቆሻሻ እየሰበሰበ ያቃጥላል። ዓመት በዓሉን እወደዋለሁ። ዘንድሮ ግን ከማለዳው ጀምሮ ያየሁት ጭሱን ነው። ከሦስት አቅጣጫ ወደ ክፍሉ ነፈሰ።

የአየር ማስገቢያውን በእርጥብ ጨርቅና በማጣሪያ ሸፈንኩት። ማስወጫውን አላጠፋሁም። ጭስ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል። በሰው ላይ ሲጋራ ማጨስ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ እንደሆነ በደንብ ይታወቃል። የእኔ 24 አይጦች እኩል ቢተነፍሱትም ባይተነፍሱት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ አየሩ ጠራ። ሁሉም በልተዋል። ሁሉም ጎጆ ሠርተዋል።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ (ቀን 20)

ከእያንዳንዱ ጭራ ጥቂት ጠብታ ደም ወሰድኩ። ሴረሙን፣ ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ፣ ለይቼ አቀዘቀዝኩት። እስከ ዛሬ ያበጠ እግር የለም። ይህች ናሙና በኋላ ከሁሉ የበለጠ ትጠቅመኛለች ብዬ አስባለሁ።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ (ቀን 21)

ሁለተኛው መርፌ። አሁን ዘይቱ ባክቴሪያ የለበትም። ሙሉውን ሁለቴ መስጠት ለእንስሳው ጭካኔ ነው፤ ቁስሉ ይከፋል። ማንቂያ ብቻ የሚሰጣቸው 6ቱም ያለ ኮላጅን ዘይቱን ወሰዱ።

ከዛሬ ጀምሮ እግር የሚያየው ባልደረባዬ ነው። የትኛው ሳጥን ምን እንደተወጋ አያውቅም። ዘይት የተወጉት የጭራቸው ሥር ጓጓል ብሏል፤ ያን መደበቅ አይቻልም። ኮላጅን ያገኘውንና ያላገኘውን ግን በዓይን አይለየውም። የሚያስፈልገኝም እሱ ነው። የኔን ዓይን አላምነውም። ማየት የምፈልገውን ነገር እንዳያይ እፈራለሁ።

ለእያንዳንዱ እግር ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል። አንድ ጣት ብቻ ካበጠ 1። እግሩ በሙሉ አብጦ መገጣጠሚያው ካልታጠፈ 4። አራት እግር ስላለው ከፍተኛው 16 ነው።

ኅዳር 28፣ እሑድ (ቀን 25)

ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ቆመ። ከአምስት ሰዓት በላይ። ጠዋት ስደርስ ዝቅተኛው ቁጥር 12 ዲግሪ ይላል። ጋሼ ሌሊቱን ነቅተው ነበር። ያገኙትን ብርድ ልብስ ሁሉ በመደርደሪያው ዙሪያ ጋርደውታል፤ አየር እንዲገባ ከላይ ክፍት ትተውለታል። አይጦቹ በየሳጥናቸው ተደራርበው ክምር ሆነዋል። የሞተ የለም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሥራዬን ያበላሸብኝ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ብርዱ ያገኘው አንዱን ወገን ብቻ አይደለም። 24ቱም እኩል በረዳቸው። ሰዓቱንና ዲግሪውን መዝግቤያለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ (ቀን 28)

ባልደረባዬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። «ሳጥን 2፣ ጆሮው ግራ በኩል የተበሳው፣ የኋላ እግሩ ሁለተኛ ጣት» አለ። ሮጬ ሄድኩ። ጣቷ ቀይ ሆናለች። እንደ ምስር አብጣለች።

ስንት ቀን ስጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ሳየው ግን ደስ አላለኝም። የእማዬ መሃል ጣት የጀመራት እንዲሁ ነበር። ቀለበቷን በሳሙና ነበር ያወጣነው።

የሚቆረቁረውን የመኝታ ሰጋቱራ በለስላሳ ወረቀት ቀየርኩ። የውኃ ጡጦው ጫፍ ረጅም የሆነውን ገጠምኩ፤ እግራቸውን ሳያነሱ እንዲጠጡ። መኖውን በውኃ አርሼ ወለሉ ላይ አደረግኩ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ (ቀን 33)

ሰባት አይጦች አብጠዋል። በካሊፐር ስለካ የጤነኛው የኋላ እግር ውፍረት 1.9 ሚሊ ሜትር ነው። ከታመሙት የአንዱ 3.1 ደርሷል። ማንቂያ ብቻ ካገኙት ያበጠ የለም። የጨው ውኃ ካገኙትም የለም።

አሁን በቆዳው ሥር ምን እየሆነ እንደሆነ ልጻፍ፤ ለእማዬም ማስረዳት ስለምፈልግ። ቲ ሕዋሶች የሚባሉት የመከላከያው ወታደሮች ኮላጅኑን ጠላት ብለው አውቀውታል። እነሱ ቢ ሕዋሶችን ያነሳሳሉ። ቢ ሕዋሶች አንቲቦዲ፣ ጠላት ላይ የሚለጠፍ ፕሮቲን፣ ያመርታሉ። አንቲቦዲው በደም ዞሮ ልም አጥንቱ ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈበትን ለመብላት ነጭ የደም ሕዋሶች ይጎርፋሉ። ከዚያ ቲኤንኤፍ፣ አይኤል-1፣ አይኤል-6 የሚባሉ መልእክቶች ይለቀቃሉ። መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይወፍራል፤ እንደ አረም ወደ ልም አጥንቱ ይገባል። በመጨረሻም አጥንት የሚበሉ ሕዋሶች ተነስተው አጥንቱን ይቦረቡራሉ። የተቦረቦረ አጥንት ወደ ነበረበት አይመለስም። ቶሎ መታከም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከነዚህ ትንንሽ እግሮች ትልቅ ነገር ወጥቷል። ይህ ዘዴ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1977 በትልልቆቹ አይጦች ላይ፣ በ1980 በእነዚህ በትንንሾቹ ላይ ተሠራ። በ1992 ለንደን ውስጥ የማርክ ፌልድማንና የራቪንደር ማይኒ ቡድን ልክ እንደነዚህ ያሉ ዲቢኤ/1 አይጦችን ቲኤንኤፍን በሚያግድ አንቲቦዲ አከመ። እብጠቱም ቀነሰ፣ መገጣጠሚያውም ዳነ። በዚያው ዓመት እዚያው ለንደን ቼሪንግ ክሮስ ሆስፒታል ለሕሙማን መስጠት ተጀመረ። ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መድኃኒት የመጣው በዚህ መንገድ ነው። እማዬ የምትወስደው እሱን አይደለም፤ አቅማችን አይደርስም። እሷ ያላት ሜቶትሬክሴት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ሣጥኑ ላይ በትልቁ «ሐሙስ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ (ቀን 39)

አንዱን እንዳይሰቃይ ገድዬ አሳረፍኩት። ነጥቡ 11 ደርሶ ነበር። ከመጀመራችን በፊት 10ን ያለፈ ወይም ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የቀነሰ እንዳይቆይ ወስነን ፈርመናል። የሕመም ማስታገሻ ይሰጣቸዋል፤ ትራማዶል በውኃ። ብግነትን የሚያጠፉትን መስጠት አልችልም፤ የማጠናውን ነገር ራሱን ይለውጡብኛል። ይህ ያስጨንቀኛል። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሊያስጨንቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሌላ ማስታወሻ። ከጨው ውኃዎቹ አንዱ ጣቱ ቀልቶ ነበር። ለሁለት ሰዓት ያህል ልቤ ቆመ። ጠጋ ብለን ስናየው የጥርስ ምልክት አለበት። ተጣልተው ነው። ባልደረባዬ «ንክሻ» ብሎ መዘገበው። በማግስቱ ጠፋ።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ (ቀን 45)

የመጨረሻው ቀን። ኮላጅን ከነማንቂያው ከወሰዱት 12ቱ 9ኙ አብጠዋል። 3ቱ ምንም አልሆኑም። ማንቂያ ብቻ፣ ከ6 ዜሮ። የጨው ውኃ፣ ከ6 ዜሮ።

የትኛው ሳጥን ምን እንደተወጋ የገለጥነው ባልደረባዬ ነጥቡን ፈርሞ ካስረከበኝ በኋላ ነው። የማይረሳኝ የመሃለኛው ረድፍ ነው። እነዚያ 6ቱ ባክቴሪያውን ወስደዋል። ሰውነታቸው ተቆጥቷል። የኅዳር 28ን ሌሊት እኩል በርዷቸዋል። የኅዳር ሚካኤልን ጭስ እኩል አሽትተዋል። እግራቸው ግን እንደ ተወለዱበት ቀን ሸንቃጣ ነው። ልዩነቱ ኮላጅኑ ብቻ ነው። የገዛ አካላቸውን የሚመስል ቁራጭ።

ደሙን፣ ጣፊያውንና እግሮቹን ወሰድኩ። እግሮቹ ፎርማሊን ውስጥ ገብተዋል። ከሁለት ቀን በኋላ አጥንቱን ወደሚያለሰልሰው ኢዲቲኤ ይዛወራሉ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል። በአሲድ ቢሆን በቀናት ያልቃል፤ ሕዋሱን ግን ያበላሻል። እጠብቃለሁ።

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

ኢላይዛ፤ ሴረም ውስጥ አንቲቦዲ መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከተማ ወርጄ ማሽን ተውሼ ሠራሁት። ኮላጅን በሳህኑ ጉድጓዶች ተለጥፏል። ሴረሙ ይጨመራል። የኮላጅን አንቲቦዲ ካለ ይጣበቃል። በመጨረሻ ቀለሙ ሰማያዊ ይሆናል፤ አሲድ ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ይዞራል።

መጀመሪያ የቀን 45ን አየሁ። ኮላጅን ወስደው እስከ መጨረሻው የቆዩት የ11ዱም ጉድጓድ ቢጫ ነው። የሌሎቹ ውኃ መስሏል። የጠበቅኩት ነው።

ከዚያ የቀን 20ን። አንድ እግር እንኳ ሳያብጥ የወሰድኳት ያቺ ናሙና ናት። እሷም ቢጫ። እንደ ኋለኛው አልደመቀችም፤ ግን በማያሻማ ሁኔታ ቢጫ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አይጦቹ ሲሮጡ፣ ሲጣሉ፣ ጎጆ ሲሠሩ ሳለ አንቲቦዲው ደማቸው ውስጥ ነበር። በሰውም እንዲሁ ነው። ሩማቶይድ ፋክተርና ፀረ-ሲሲፒ የሚባሉት አንቲቦዲዎች በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥ ሕመሙ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት ይገኛሉ። እማዬ ለሠርጌ ድግስ ሦስት መሶብ እንጀራ ስትጋግር፣ ማንም ስለ ጣቷ ሳያስብ፣ ነገሩ ምናልባት ተጀምሮ ነበር።

አንቲቦዲው ምስክር ብቻ ነው ወይስ ራሱ አጥፊ? የስትራስቡርጎቹ አይጦች ለዚህ ግሩም መልስ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታወቁት ኬ/ቢኤክስኤን የሚባሉ አይጦች በራሳቸው ይታመማሉ። የእነሱ ሴረም ለጤነኛ አይጥ ሲሰጥ ጤነኛው በቀናት ውስጥ ያብጣል። በሽታውን ይዞ የሚሄደው አንቲቦዲው ነው። የሚገርመው፣ አንቲቦዲው ያነጣጠረው መገጣጠሚያ ውስጥ ብቻ ባለ ነገር ላይ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ባለ ግሉኮስ በሚፈጭ ኤንዛይም ላይ ነው። የሚጎዳው ግን መገጣጠሚያ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። ዶሮው ከተበላ በኋላ ከእማዬ ጋር ቡና ላይ ተቀመጥን። ስልኬ ላይ ያለውን የእግሮቹን ፎቶ አሳየኋት። ረድፍ በረድፍ። «እነዚህ ብርድ አልነካቸውም?» አለች ወደ መሃለኞቹ እያመለከተች። ነክቷቸዋል አልኳት። በዚያ ሌሊት ሁሉም እኩል ነው የበረዳቸው።

ዝም አለች። ጣቶቿን አየች። «እኔ እኮ ሌሊት ተነስቼ ውኃ ስቀዳ ነው ያመጣሁት እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ስወቅስ» አለች።

ብርድ ሕመሙን አይቀሰቅስም አላልኳትም። ጠዋት በብርድ እጇ ይበልጥ እንደሚገተር እሷ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ያልኳት መነሻው እሱ አይደለም ነው። በሠራችው ሥራ አላመጣችውም። ውኃ በመቅዳት፣ በእጥበት፣ በእንጀራ ጋገራ አይመጣም።

ሁለተኛውን ስኒ ከጠጣች በኋላ ጠየቀች። «እኩል ተወግተው እነዚያ ሦስቱ ለምን ተረፉ? እነሱም ቢጫ ነበሩ አላልሽም?»

ነበሩ። ሁለቱ እንደ ታመሙት ደማቅ ቢጫ፣ አንዱ ሐመር። ተቆጣጣሪ አስተማሪዬም እስካሁን ይህን አልጠየቀኝም።

ጥር 18፣ ሰኞ

ስላይዶቹ፣ በመስታወት ላይ የተለጠፉት የእግሮቹ ስስ ቁራጮች፣ ደረሱ። ሳፍራኒን ኦ የሚባለው ቀለም ጤነኛ ልም አጥንትን ቀይ ያደርጋል። የጨው ውኃው አይጥ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀዩ መስመር እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያበጠው ላይ ጥለቱ ተበልቷል። ቦታ ቦታ ላይ የለም። በወፍራሙ ሽፋንና በአጥንቱ መካከል ወሰን አይታይም።

ከዚያ የሦስቱን አየሁ። ቀይ ናቸው። ሙሉ። በአንዱ ላይ ብቻ ሽፋኑ ትንሽ ወፈር ብሏል።

የእማዬን ጥያቄ ይዤ ሳነብ ሰነበትኩ። ባለፈው መስከረም 26 የሕክምናው ኖቤል ለሜሪ ብሩንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ መሰጠቱ ሲነገር ሰምቼ አልፌው ነበር። እነሱ ያጠኑት የመከላከያ ሠራዊቱን ራሱን የሚቆጣጠሩ ቲ ሕዋሶችን ነው። ሳካጉቺ እ.ኤ.አ. በ1995 ለይቶ አሳያቸው። እሱ ራሱ በ2003 በአንድ ጂን ለውጥ ምክንያት በራሳቸው አርትራይተስ የሚይዛቸውን አይጦች ለዓለም አስተዋውቋል። ጋሼ ቢሰሙ «የዘበኞቹ አለቃ» ይሏቸው ነበር።

የ11ዱም ጣፊያ ሕዋሶች ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ቀዝቅዘው ተቀምጠዋል። የሦስቱን ከታመሙት ስምንቱ ጋር አወዳድሬ የተቆጣጣሪዎቹን ሕዋሶች ቁጥር ማየት እፈልጋለሁ። ሕዋስ መቁጠሪያ ማሽን ያለበት ቦታ ለየካቲት 9 ቀን ተራ ሰጥተውኛል። እስከዚያ ፍሪጁ መብራት እንዳያጣ ጄኔሬተሩን አስጠግኛለሁ። የማታውን ቁጥር ጋሼ በስልክ ይነግሩኛል። ትናንት ማታ 78 ነበር፤ ዛሬ ጠዋት 80።